ጣሪያው ላይ ያለው ድንጋይ

አየር ጤና፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለፋሲካ፣

በመላው ኮልፌ ቀራንዮ ከአባትሽ በላይ ወደ ምድር ሆድ የወረደ ሰው አልተፈጠረም። ይህን በራሴ እጅ ጽፌ በራሴ እጅ ፈርሜያለሁ። እርግጥ ነው፣ አንድ ሁለት ሜትር የሚበልጡኝ ቆፋሪዎች አሉ ይባላል፤ እነሱ ግን በሞተር ነው የቆፈሩት፣ አይቆጠርም። ከቤቴል ማዶም አንድ ሽማግሌ አለ፣ እሱንም ተይው። እንግዲህ በእጃቸው ጉድጓድ ከቆፈሩትና እስካሁን በሕይወት ካሉት ውስጥ ከፊተኞቹ አንዱ ነኝ ብንል ሁላችንንም ያስማማል።

እንዴት ነሽ? የጀርመን ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ይቆጣኛል። ቁፋሮውን ከተውኩ ወዲህ የእድራችን ድንኳን ኃላፊ ሆኛለሁ፤ ኃላፊ ማለት ተሸካሚም ተካይም ማለት ነው።

ይህን ማን ጻፈልህ ብለሽ እንዳትጠይቂ። የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጡት ሴትዮ መነጽራቸው ተሰብሮባቸው ነበር፣ ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው። መምህርታችን ሰልሳቢል ከአንቺ የምታንስ ልጅ ናት። "ጋሽ የኔሰው፣ ፊደልዎ እንደ እርስዎ ነው፣ መስመር ላይ አይቀመጥም" ትለኛለች። እናትሽ "ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልላከው" አለች፣ እምቢ አልኩ። ዕድሜ ልኬን ጣቴን ቀለም ነክሬ ስፈርም ያየኝ ሰው ሁሉ፣ ፖስታ ቤት ወረፋ ይዤም ይየኝ! ደግሞስ አንቺ አይደለሽ እንዴ "ስልክ ላይ ቀልደህ ታመልጠኛለህ፣ ጻፍልኝ" ያልሽው? ይኸው ተጻፈ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ስለ ድንጋይ ልትማሪ ስትሄጂ ሻንጣሽ ውስጥ የከተትሽው የዚያ ድንጋያችን ቁራጭ እንዲህ ትልልቅ ሰዎችን ያነጋግራል ብዬ አላሰብኩም ነበር። የት እንደተቆፈረ በልጅነትሽ ስንቴ ነግሬሽ! ቤቴል፣ አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ፣ አሥራ ስምንት ሜትር ላይ። የአየሩን ደህንነት የምናይባት ሻማ ጭል ጭል ስትል፣ ዶማዬ "ጧ!" አለ። አነሳሁት፤ ውጭው ጥቁር፣ ውስጡ አረንጓዴ፣ አቮካዶ የመሰለ ድንጋይ። ቀሪው አሁንም ጣሪያችን ላይ ነው፤ ነፋስ ቆርቆሮውን እንዳይነቅለው ተጭኖት ተቀምጧል። ከምድር ሆድ ድረስ መጥቶ የቆርቆሮ ዘበኛ ሆነ፤ ሥራ ያጣው እኔ ብቻ አይደለሁም።

ስለ ቦሩም ጠይቀሻል። ገመድ ያዤ፣ የሥራ ጓዴ፣ ደህና ነው። መቼም ደህና ባይሆን እንሰማ ነበር።

አባትሽ የኔሰው
(ይህ ጣት አይደለም፣ ፊርማ ነው)


ጀርመን፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለጨዋታው፣ አንዴ ለመልሱ። ጨዋታውን አግኝቼዋለሁ። ፊደሎችህ ነፋስ የገፋቸው ይመስል ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፤ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌያቸው የሚያልፈው ሁሉ ይጠይቀኛል። "የአባቴ ናቸው" እላለሁ። ጉራውን ከማን እንደወረስኩት ታውቃለህ።

በስልክ "እውን እታች ውኃ አለ ወይ?" ብለኸኝ ሳልመልስልህ መስመሩ ተቋርጦ ነበር። አለ፣ ግን በባልዲ አይቀዳም። ሰው በመሣሪያ የቆፈረው ከሁሉ ጥልቁ ጉድጓድ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ ምድር መሐል ደግሞ ከስድስት ሺህ በላይ አለ። ምድር ብርቱካን ብትሆን ልጣጩን እንኳ አልበሳነውም። ስለዚህ እኛ አንወርድም፤ ከታች የሚመጣውን እንጠብቃለን። አንዳንዴ አልማዝ ይመጣል። እኛ ዘንድ ያልጠራ አልማዝ ነው የሚወደደው፤ ምክንያቱም ከታች ያለን ነገር ውስጡ ዘግቶ ያመጣል። አንድ ጊዜ ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በታች የምትፈጠር ቅንጣት ተገኘችበት። ስሟ ምላስ ይሰብራል፤ ሪንግውዳይት ይሏታል። ከአቧራ አትበልጥም፣ ግን ከአካሏ ጋር የተሰፋ ውኃ ነበራት። ከዚያች ቅንጣት ተነስተን ነው እታች ብዙ ውኃ በድንጋይ ውስጥ ሊኖር ይችላል የምንለው። አልማዙ አጥብቆ ባይዛት፣ ወደ ላይ ስትመጣ ጫናው ሲቀንስ መልኳን ለውጣ ሌላ ድንጋይ ትሆን ነበር፤ ከየት እንደመጣችም ማንም አያውቅም ነበር።

የአንተ ድንጋይ የዚያን ያህል ጥልቅ አይደለም። ሃምሳ፣ ስልሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አረንጓዴው ኦሊቪን ይባላል። ከምድር ቅርፊት ሥር ያለው ወፍራም ክፍል፣ ማንትል የምንለው፣ የላይኛው ክፍሉ በአብዛኛው ከዚህ የተሠራ ነው። እሳተ ገሞራ ከታች ሲነሳ ቅልጡ አለት ቦጭቆ ይዞት ወጣ። በውስጡ ያሉትን ማዕድናት ለክተን እዚያ ታች ሙቀቱና ጫናው ምን ያህል እንደነበር እናነባለን።

አሁን የሚያስጨንቀኝን ልንገርህ። በመስከረም ትልቅ ስብሰባ ላይ ቆሜ "ይህ ከአዲስ አበባ ሥር የተገኘ የመጀመሪያው ነው" ብያለሁ። አጨበጨቡልኝ። አሁን ፕሮፌሰሬ ትክክለኛውን ቦታ ይፈልጋሉ። ቦታው የማይታወቅ ድንጋይ የቱን ምድር እንደሚናገር አይታወቅም፤ ዲዳ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የአንድ ባልደረባዬ መሳቢያ ውስጥ ከቦረና፣ ከመጋ የመጣ ድንጋይ አየሁ። አባዬ፣ ከአንተ ድንጋይ ጋር መንትያ ናቸው።

የመመረቂያ ጽሑፌን በየካቲት መጨረሻ አስረክባለሁ። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ አንተ አይደለህም። ጋሼ ቦሩ ገመዱን ይዘው ነበር አይደል? እሳቸውን ጠይቅልኝ። ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁ ዕለት ለምን ሳይሰናበቱኝ ወጡ? ያኔ "አውቶቡስ እንዳያመልጠው ነው" አልከኝ። ቤታቸው እኮ በእግር ነው።

ልጅህ ፋሲካ


አየር ጤና፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋሲካ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ኪሴ ይዤው ሰነበትኩ። እናትሽ "ምንድን ነው እንደ ክታብ ያንጠለጠልከው?" አለችኝ። "የልጅሽ ክስ ነው" አልኳት።

መጀመሪያ ተቆጥቼ ጻፍኩልሽ። "አባትሽን ውሸታም ልትዪ ነው ጀርመን የሄድሽው?" የሚል ነበር፤ ቆንጆ ደብዳቤ ወጥቶት ነበር። ቀደድኩት። በአፍ ቢሆን ተናግሬው፣ ስቄ፣ አልፌው ነበር። የጻፍሽው ነገር ግን ቁጭ ብሎ መልሶ ያይሻል። መምህርት ሰልሳቢል ይህን አላስተማረችንም።

ድንጋዩ ከቤቴል ጉድጓድ አልወጣም። ከቤቴል ጉድጓድ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ሥራችን እንዲህ ነበር። እኔ ከታች እቆፍራለሁ፣ ቦሩ ከላይ ገመዱን ይዞ አፈሩን ያወጣል። ድምፅ እታች ስለሚታፈን በገመድ ነው የምንነጋገረው። ከታች ያለው ሁለት ጊዜ ሲስብ "አውጣኝ" ማለት ነው። ከላይ ያለው አንድ ጊዜ ይመልሳል፤ "ሰምቻለሁ፣ በርታ" ማለት ነው፤ ከዚያ ይጎትታል። ያን ቀን ሻማዋ ጭል ጭል አላለችም፤ ድርግም ነው ያለችው። እግሬ ከዳኝ። ሁለት ጊዜ ሳብኩ። ወዲያው አንድ ጊዜ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ የማውቀው ሰማይ ነው። የሚረዳው ሰው አልነበረም፣ ብቻውን ጎተተኝ። ገመዱ መዳፉን ልጦት ብዙ ጊዜ በእጁ አልጎረሰም፤ ሚስቱ ሙሉወርቅ ነበረች የምታጎርሰው። ሲያጎርሱት "ይኼ ጎጃሜ ምን በልቶ ነው እንዲህ የከበደው?" ይል ነበር።

ድንጋዩ የእሱ ነው። የአባቱ ለቅሶ ጊዜ አገሩ ቦረና ሄዶ ሲመለስ በጆንያ ይዞት መጣ። እዚያ ሰው በጉድጓድ ውስጥ በየደረጃው ቆሞ ውኃ በቅብብል እያወጣ ከብት ያጠጣል፤ አባቱም ዕድሜ ልኩን እዚያ መስመር ላይ የቆመ ሰው ነበር። ድንጋዩን በመዶሻ መታው፣ ለሁለት ተከፈለ፣ ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ፈነጠቀ። "ግማሹ ያንተ፣ ግማሹ የእኔ" አለኝ። ቦሩ ሁለት ዓረፍተ ነገር ከተናገረ በዓል ነው።

የተመረቅሽ ዕለት እንግዳው ሞልቶ፣ እኔም ሞቅ ብሎኝ፣ "ጋሽ የኔሰው ተጫወት እንጂ!" አሉኝ። ተጫወትኩ። እኔ ድንጋዩን ከምድር ሆድ ፈልቅቄ ሳወጣ ቦሩ ከላይ ሻማ ጠፋ ብሎ ደንግጦ ገመዱን ለቆ ሮጠ አልኩ። አሯሯጡንም አሳየሁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም ስቀሻል። ቦሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ መዳፉን አየ፣ ወጣ።

"ነገ ይመጣል" አልኩ። አልመጣም። እኔም "ቀልድ የማያውቅ ሰው" እያልኩ ተቀመጥኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ግን ለማሸትም አልሞከርኩም። አሁን ድረስ ከሩቅ ሳየው የማልሄድበትን ታክሲ እሳፈራለሁ። አንድ ጊዜ ሳልፈልግ ዘነበወርቅ ደርሼ ተመልሻለሁ።

ከቦረና የት እንዳነሳው አላውቅም። የሚያውቀው እሱ ነው። እጠይቀዋለሁ። ገና ይለፍና እሄዳለሁ።

አባትሽ የኔሰው


ጀርመን፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

ይህን ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ልኬላታለሁ፤ ፖስታ አይደርስም። አንተም በፖስታ አትመልስልኝ።

አልተቆጣሁም ብል እዋሻለሁ፣ ከእንግዲህ ደግሞ መዋሸት አልችልም። ለፕሮፌሰሬ ነግሬያቸዋለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ እዚያው መድረክ ላይ ቆሜ "ከአዲስ አበባ ሥር ያልኩት ስህተት ነበር" እላለሁ። ሁለታችንም በአንድ ወሬ ተጨብጭቦልናል፤ እኔ ጭብጨባውን እመልሳለሁ። ያን ዕለት መሳቄን ግን ለማን እንደምመልሰው አላውቅም።

ቦታውን ካወቅን ድንጋዩ ቢያንስ ስለ ራሱ አገር ይናገራል። ካላወቅን ከጽሑፌ ይወጣል። ግን አሁን የምጽፍልህ ስለዚህ አይደለም። ጋሼ ቦሩ ከኅዳር ጀምሮ መተኛታቸውን እማዬ ነገረችኝ። ሳንባቸው ነው አሉ፤ ሆስፒታል ተኝተው ወደ ቤት ተመልሰዋል። አንተ ግን "እጠይቀዋለሁ" ብለህ ስትጽፍልኝ መታመማቸውን አላነሳህም። ታውቅ ነበር?

አንድ ነገር ላጫውትህና ልተውህ። ይህ አረንጓዴ ድንጋይ ካወጣው ቅልጥ አለት ይከብዳል። ቅልጡ መንገድ ላይ ከቆመ ድንጋዩ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከዘገየ ጠርዙ እየሟሟ ያልቃል። እኛም የቅንጣቶቹን ጠርዝ በመሣሪያ አይተን መንገድ ላይ ምን ያህል እንደቆየ እንገምታለን። ያን ሁሉ ኪሎ ሜትር የመጣው በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ነው። የዘገዩም ይኖራሉ፤ እነሱን ግን አናውቃቸውም፣ አልደረሱማ።

ዛሬ ሂድ።

ፋሲካ


አየር ጤና፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋሲካ፣

አውቅ ነበር።

በመጀመሪያ "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብዬ ልመልስልሽ ነበር። ብዕሩን አንስቼ ሳስበው ድንጋይሽ ተረቴን ረታው።

ሄጃለሁ፣ አልሄድክም እንዳትዪኝ። መግባት ነው ያቃተኝ። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ በሩ ላይ ስደርስ ሳሉን ሰማሁ። ሰው እያሳለ አይጠየቅም፣ ይደክመዋል ብዬ ተመለስኩ። ይህን ሕግ ያወጣሁት እዚያው በሩ ላይ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ብርቱካን ገዝቼ ነበር። አየር ጤና ፌርማታው ጋ አረፍ ብዬ "ምን ብዬ ልግባ?" እያልኩ ሳስብ፣ ሳስብ፣ ፌስታሉ ባዶ ሆነ። እናትሽ "እንዴት ነው ቦሩ?" ስትለኝ "ብርቱካኑ ተስማምቶታል" አልኳት። ከዚያ ጥምቀት መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ። ለእኔ ሲባል የተዘጋ ይመስል ደስ አለኝ።

ጉድጓድ ስወርድ ፈርቼ አላውቅም። ፈርቻለሁ፣ ግን እወርድ ነበር። እዚያ ታች ምን እንደሚጠብቀኝ አላውቅም፤ ገመዱን ማን እንደያዘ ግን አውቃለሁ። እዚህ በር ላይ ደግሞ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፤ ገመዱን የሚይዝልኝ ግን ያው ውስጥ የተኛው ሰው ነው።

ልጄ፣ እኔ ሰው ቤት የምገባው በቀልድ ነው። ሌላ መግቢያ አላውቅም። እሱን ደግሞ ያስወጣሁት በቀልድ ነው።

የፊታችን እሁድ እገባለሁ። እናትሽ ይህን ፎቶ ስታነሳ አንብባዋለች፤ ስለ ብርቱካኑ እስካሁን እየተናገረች ነው።

አባትሽ


አየር ጤና፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋሲካ፣

እሁድ አልገባሁም። የሚቀጥለው እሁድ ግን፣ ትናንት ማለት ነው፣ ገባሁ።

ባዶ እጅ አይገባም ብዬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጉልበቴ የሚለውን አለኝ፣ አልሰማሁትም። የእኛን ግማሽ ድንጋይ አውርጄ ወፉና ዝናቡ ያበላሸውን አጠብኩት፣ በጆንያ አድርጌ ተሸክሜው ሄድኩ። ቆርቆሮው ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይጮኻል አሁን፤ ይጩኽ።

በሩን የከፈተችው ሙሉወርቅ ናት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

"ይህን ሁሉ ዓመት መንገዱ ጠፍቶህ ነው?"

"አዎ" አልኳት።

"ጆንያው ውስጥ ምንድን ነው?"

"ድንጋይ ነው።"

"አንተ ሰውዬ! ሰው በሽተኛ ሲጠይቅ ብርቱካን ነው የሚይዘው።"

"ብርቱካኑን በልቼዋለሁ።"

ሳቀች። ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች፣ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። "ትንሽ ቀደም ብትል ምን ነበረበት?" አለችኝ። "ከዓርብ ወዲህ ቃል አይወጣውም። ባለፈው ሳምንት እኮ ጠይቆህ ነበር። 'ያ ጉረኛ አልመጣም?' አለኝ። በሩ ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር 'እሱ ነው?' ይለኛል።"

ያ ሳምንት የእኔ እሁድ የነበረበት ሳምንት ነው።

ቦሩ ከስቷል። ፍራሹ ላይ ከጋቢው በቀር ሰው ያለ አይመስልም። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን የሚያየው እኔን ይሁን ጣሪያውን አልለየሁም። ድንጋዩን አረንጓዴው ወደ እሱ ዞሮ እንዲታይ አጠገቡ አስቀመጥኩት። ልቀልድ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።

ቦታውን ሙሉወርቅ ታውቀዋለች፤ ለአማቷ ለቅሶ አብራው ሄዳ ነበር። ጻፊ፦ ከመጋ ወጣ ብሎ፣ ሰዎች ጨው ለማውጣት የሚወርዱበት ትልቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ አለ። ቁልቁለቱ የሚጀምርበት አፋፍ ላይ፣ ግራሩ ሥር፣ ከመንገዱ በስተግራ። ቦሩ እዚያ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ቆይቶ፣ ሲነሳ እጁ የያዘውን ድንጋይ ሳይጥል መጣ አለችኝ። ይህን ቃል በቃል ነው የጻፍኩልሽ፤ ሁለት ጊዜ አስደግሜያታለሁ።

ከመውጣቴ በፊት እጁን ያዝኩት። መዳፉ ላይ ያ ጠባሳ አሁንም አለ። ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረግሁት፤ እንደ ገመዱ። ቆየ። ከዚያ አንድ ጊዜ መለሰልኝ።

አባትሽ የኔሰው


ጀርመን፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባዬ፣

እያነበብኩ ላብራቶሪው ውስጥ አለቀስኩ፤ ሰው መሣሪያ የተበላሸብኝ መስሎት ሊረዳኝ መጣ።

ቦታው ከባልደረባዬ ድንጋይ ጋር ገጠመ። ከአንድ አፋፍ ናቸው። አዲስ ግኝት የሚባለው ቀርቷል፤ ሌሎች ከእኛ በፊት እዚያ ደርሰዋል። የእኛ ድንጋይ ግን ጽሑፉ ውስጥ ቆየ፤ ከነስሙ፣ ከነአገሩ። ስለ አዲስ አበባ የጻፍኩትን ምዕራፍ በሙሉ አውጥቼዋለሁ። ከባድ ነበር፤ አሁን ቀለል ብሎኛል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። የመጀመሪያው ገጽ የምስጋና ነው። እዚያ ላይ ለጋሼ ቦሩ ልጽፍላቸው ነው። ድንጋዩን ማን እንዳመጣ፣ ገመዱን ማን እንደያዘ፣ በመጨረሻም አልጋቸው ላይ ሆነው እንዴት አንድ ጊዜ ስበው እንደመለሱልህ። ያቺን ስበት ሳስባት ልቤ ይሞላል። በትክክል እንድጽፋት፣ በየትኛው እጃቸው ነው የመለሱልህ? ጠንከር ያለ ነበር ወይስ ቀስ ያለ? የካቲት 20 ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል።

ሳምልኝ እሳቸውን። ልጅህ ፋሲካ


አየር ጤና፣ የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፋሲካ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። እናትሽ ነግራሻለች። ቦሩን ቀብረነዋል። ነፍሱን በገነት ያኑራት።

ድንኳኑን የተከልኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹ "ጋሽ የኔሰው፣ ዛሬስ አንተ ተቀመጥ" ቢሉኝ እምቢ አልኩ። የእነሱ መንገድ ኮብልስቶን ከተነጠፈበት ወዲህ ካስማ አይገባም፤ ገመዱን ከድንጋይ ጋር ነው የምናስረው። ሁለቱን ማዕዘን አስሬ ለቀሩት ሁለቱ ድንጋይ ስፈልግ፣ ሙሉወርቅ ከጓሮ የቦሩን ግማሽ አቅፋ መጣች። የእኔን ግማሽ ደግሞ ከአልጋው ሥር አወጣችው። "በእነዚህ እሰር" አለችኝ። አሰርኩ። አንዱ በአንዱ ማዕዘን፣ አንዱ በሌላው፤ ድንኳኑን ወጥረው ያዙት። ሰው የሚያየው ሁለት ድንጋይ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሰው ጨዋታ ሲጀምር አንዱ "የቤቴሉን ጉድጓድ አጫውተን" አለኝ። የሚያውቁት ያችኛዋን ነው፣ አሯሯጡ ያለባትን። ተነሳሁና ትክክለኛውን ተናገርኩ። ሻማዋ እንዴት እንደጠፋች፣ እኔ ከታች እንደነበርኩ፣ ማን እንደጎተተኝ፣ መዳፉ ምን እንደሆነ፣ ድንጋዩን ማን እንዳመጣው። ማንም አልሳቀም። አንድ ሽማግሌ "እና ያኔ ለምን እንደዚያ አልክ?" አሉኝ። "ያኛው ያስቅ ነበር" አልኳቸው። ሙሉወርቅ ከሴቶቹ መሐል ቀና ብላ አየችኝ።

ድንኳኑን ስናነሳ ድንጋዮቹን ጎን ለጎን አድርጌ እሷ ግቢ ተውኳቸው። ጣሪያችን ላይ ሌላ ድንጋይ አስቀምጫለሁ፤ ጥቁር ነው፣ ውስጡን አላየሁትም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። በየትኛው እጁ ነው፣ ጠንከር ያለ ነው ወይስ ቀስ ያለ፣ ብለሻል። ስታነቢው ልብሽ መሙላቱን ጽፈሽልኛል። የእኔም ስጽፈው ሞልቶ ነበር፣ ለዚህ ነው ነገሩ። አንቺ በዚያ መድረክ ላይ አንድ ጊዜ ቆመሽ ቃልሽን ልትመልሺ ነው፤ ሁለተኛ በእኔ ምክንያት አትቆሚም።

ቀኝ እጁን ነው የያዝኩት። ሁለት ጊዜ ሳብኩት፤ ይህ እውነት ነው። መዳፉ ሞቃት ነበር፣ ጠባሳውም ነበረ። ሙሉወርቅ መጥታ መብራቱን እስክታበራ ድረስ ይዤው ጠበቅሁ፤ ይህም እውነት ነው። ቦታውም፣ ግራሩም፣ ብርቱካኑም እውነት ነው። በዚያ እሁድ ብገባ ኖሮ ምን ይለኝ እንደነበር አላውቅም፤ ምናልባት ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ያደርስልኝ ነበር።

ገጽሽ ላይ ቤቴል የሳባትን ጻፊ። ከላይ ሆኖ፣ ብቻውን ሆኖ፣ አንድ ጊዜ። የዚያች ምስክር እኔ ነኝ፣ ይኸው በሕይወት አለሁ። የአልጋው ላይዋን ግን ሰርዢያት። እሷን እኔ ነኝ የጨመርኳት።

አባትሽ የኔሰው